ሙቀቱ ነው ወይስ ስኳሩ?

የአንባቢያን ጥያቄዎች ስለ እንቅልፍና ስለ እርግዝና ስኳር

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ደብዳቤዎች ከድሬዳዋና ከሐረር የደረሱን ናቸው። ጸሐፊዎቹ ነፍሰ ጡሮች ናቸው፤ አንዱ ደግሞ ባል ነው። ሁሉም የሚያነሱት ሌሊቱ አልነጋ እንዳላቸው ነው፤ በዚያ ላይ እንቅልፍ ማጣት ስኳር ያመጣል ሲባል ሰምተው ሠግተዋል። የተመሳሰሉትን ጥያቄዎች አዋህደናል፤ ስምና አድራሻ አስቀርተናል።

ጥያቄ፦ የ25 ሳምንት ነፍሰ ጡር ነኝ፤ የምኖረው ከዚራ ነው። ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኝቼ 7 ሰዓት ላይ እነቃለሁ፤ ከዚያ በኋላ ሽንት ቤት ስመላለስ ይነጋል። ውሃ ብጠጣ ብጠጣ አልረካም። እናቴ «አቦ የድሬ ሙቀት ነው፤ ሁላችንም እንዲህ ሆነን ነው የወለድነው» ትለኛለች። ጎረቤቴ ግን እንቅልፍ ያጣች እርጉዝ ስኳር ይይዛታል ብላ አስደነገጠችኝ። ማንን ልስማ?

መልስ፦ እህታችን፣ ሁለቱም አልዋሹም፤ ግን ሁለቱም ሳይለካ ነው የፈረዱት። የድሬ ሙቀት በእርግጥ እንቅልፍ ይነሳል፣ ውሃም ያስጠማል። ችግሩ የእርግዝና ስኳርም ምልክት ካሳየ የሚያሳየው ይህንኑ መሆኑ ነው፦ ጥም፣ የሽንት መብዛት፣ ድካም። አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ ጭራሹን ምልክት የለውም። ስለዚህ እንደ ድሬ ባለ ከተማ «ሙቀት ነው» የሚለው ቃል ብዙ ስኳር ሸፍኖ ሊያልፍ ይችላል። ሁለቱን የሚለየው የደም ምርመራ ብቻ ነው። ምርመራው የሚሠራው ከ24ኛው እስከ 28ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ነው፤ እርስዎ ደግሞ እዚያ ውስጥ ነዎት። እስካሁን ካልተመረመሩ ቀጣዩን የክትትል ቀጠሮ አይጠብቁ፤ በዚህ ሳምንት ይሂዱ፤ ጥምዎንና የሌሊት ሽንትዎንም ለአዋላጇ ይንገሯት። ከዚህ ቀደም 4 ኪሎና ከዚያ በላይ የሚመዝን ልጅ ወልደው ከሆነ፣ እናት፣ አባት፣ እህት ወይም ወንድም ስኳር ካለባቸው፣ ከእርግዝናው በፊት ክብደትዎ ብዙ ከነበረ ወይም ባለፈው እርግዝና ስኳር ታይቶብዎት ከነበረ ይህንንም ሳትጠየቁ ይናገሩ። እንዲህ ያሉ እናቶች ገና በመጀመሪያው ክትትል መመርመር ነበረባቸው።

አሁን ወደ ጎረቤትዎ ነገር። ከእርግዝናው አጋማሽ ወዲህ የእንግዴ ልጁ የሚያመነጫቸው ሆርሞኖች የእናቲቱ ሰውነት ለኢንሱሊን የሚሰጠውን ምላሽ ያዳክሙታል። ይህ በራሱ በሽታ አይደለም፤ ስኳሩ በእናቲቱ ደም ውስጥ ቆየት ብሎ ለፅንሱ እንዲደርስ ነው። ጤነኛ ቆሽት ኢንሱሊኑን ሁለት ሦስት እጥፍ እያመነጨ ይቋቋመዋል። ቆሽቱ ሲያቅተው ግን ስኳሩ በደም ውስጥ ይከማቻል፤ የእርግዝና ስኳር የምንለው ይህን ነው። እንቅልፍ ማጣት የሚጨምረው በዚሁ ሸክም ላይ ነው። ለጥቂት ሌሊቶች እንኳ እንቅልፍ ሲጎድል ኮርቲዞልን የመሳሰሉ የውጥረት ሆርሞኖች ያይላሉ፤ ጡንቻ ስኳሩን እንደ ወትሮው አይቀበልም፤ የምግብ ፍላጎትም ወደ ጣፋጩ ያደላል። በልዩ ልዩ አገሮች በተደረጉ ጥናቶች በሌሊት ከ6 ሰዓት በታች በሚተኙ ነፍሰ ጡሮች ላይ የእርግዝና ስኳር በርከት ብሎ ታይቷል። ይህ ግን የሁለቱን ዝምድና ነው የሚያሳየው፤ እንቅልፍ ማጣቱ ብቻውን ስኳር አመጣ ማለት አይደለም። ክብደት፣ ዕድሜና የቤተሰብ ታሪክ አብረው አሉበት። ነገሩ በግልባጩም ይሠራል፦ ስኳሩ ከፍ ሲል ሽንት ይበዛል፣ ሽንቱ ደግሞ ከእንቅልፍ ይቀሰቅሳል። ስለዚህ «እንቅልፍ ስላጣሁ ልጄን ጎዳሁት» ብለው ራስዎን አይውቀሱ። ጭንቀቱ ራሱ ያለችዎትን እንቅልፍ ይወስዳል።

ምርመራው እስኪደርስ ለሌሊቱ የሚሆን ነገር እንንገርዎ። በመጀመሪያ ሽንቱ፦ ቀን ሙሉ ሲቆሙ እግር ላይ የሚወርደው ፈሳሽ፣ ጋደም ሲሉ ወደ ደም ይመለስና ሽንት ይሆናል። ብዙ እርጉዞች ሌሊት የሚመላለሱት ማታ በጠጡት ውሃ ብቻ ሳይሆን ቀን እግራቸው ላይ በቋጠሩት ጭምር ነው። ከቀኑ 11 ሰዓት ገደማ ለግማሽ ሰዓት ያህል በጎን ተጋድመው እግርዎን በትራስ ከፍ ያድርጉ፤ ሽንቱ ከመኝታ በፊት ይወጣልዎታል። ውሃውን ከጠዋት እስከ ማምሻው አብዝተው ይጠጡ፤ ከመኝታ በፊት ባሉት ሁለት ሰዓታት ቀነስ ያድርጉት። ጠምቶዎት ግን አይተኙ፤ በድሬ ሙቀት ውሃ መከልከል ለእርጉዝ አደገኛ ነው። ሽንቱ የሚያቃጥል ከሆነ ወይም ትኩሳት ካለ ደግሞ የሽንት ቧንቧ ቁስለት ሊሆን ስለሚችል የሽንት ምርመራ ያስፈልጋል።

ቀጥሎ ሙቀቱ። ከመኝታ በፊት ለብ ባለ ውሃ መታጠብ ከበረዶ ውሃ ይሻላል፤ በጣም ቀዝቃዛ ውሃ የቆዳን የደም ሥሮች ስለሚያጠብብ ሙቀቱ ወደ ውስጥ ይቀራል። ቬንትሌተሩን ፊት ለፊት ከማድረግ ይልቅ በመስኮት የሚገባውን የሌሊት አየር እንዲስብ አድርገው ያስቀምጡት። መብራት ሲጠፋ ለመጠባበቂያ በውሃ ተነክሮ የተጨመቀ ስስ ነጠላ እግርና ክንድ ላይ ጣል ማድረግ ይረዳል። በረንዳ ላይ ወይም ግቢ ውስጥ የምትተኙ ያለ አጎበር አትተኙ። ድሬዳዋ ውስጥ በተጠራቀመ ንጹሕ ውሃ የምትራባ የወባ ትንኝ አለች፤ እርጉዝን ወባ ሲይዛት ደግሞ ይጸናባታል። የውሃ በርሜሉም ክዳን ይኑረው።

ከ28ኛው ሳምንት ጀምሮ በጎን መተኛት ይልመዱ፤ ግራም ይሁን ቀኝ። በጀርባ ሲተኙ ማሕፀኑ ወደ ልብ ደም የሚመልሰውን ትልቁን የደም ሥር ይጫናል። ሌሊት ሲነቁ ራስዎን በጀርባዎ ተኝተው ካገኙት አይደንግጡ፤ ዞር ብለው ይተኙ። አንዱን ትራስ በጉልበትዎ መካከል፣ አንዱን ከሆድዎ ሥር፣ አንዱን ከጀርባዎ ኋላ ያድርጉ፤ በእንቅልፍ ልብ ወደ ጀርባ የሚያንሸራትተው የኋለኛው ትራስ ሲጎድል ነው። የቀትር ዕረፍት የድሬ ሰው ልማድ ስለሆነ አንከለክልዎትም፤ 40 ደቂቃ ያህል ይሁን፣ ከ9 ሰዓትም አይለፍ። 7 ሰዓት ላይ ሲነቁ 20 ደቂቃ ያህል ጠብቀው እንቅልፉ ካልመጣ ከአልጋው ይነሱ፤ በደብዛዛ ብርሃን ተቀምጠው ሲያንጎላጅዎት ይመለሱ። ስልክ ግን አይንኩ። ጠዋት የሚነሱበት ሰዓት ምንም ሌሊት ቢያሳልፉ አንድ ይሁን፤ እንቅልፍን መልሶ መስመር የሚያስይዘው ዋናው ይህ ነው።

ጥያቄ፦ ሐረር፣ ጁገል ውስጥ ነው የምኖረው፤ 27 ሳምንቴ ነው። ግሉኮስ ጠጥቼ በተደረገልኝ ምርመራ በባዶ ሆዴ 97፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ 161፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ 132 ወጣ። ሁለቱ ደኅና ናቸው ካሉኝ በኋላ መልሰው «የእርግዝና ስኳር አለብሽ» አሉኝ። ከምርመራው በፊት ያለውን ሌሊት በጭንቀት አልተኛሁም ነበር። ከዚያ አይሆንም? ቢደገምልኝስ?

መልስ፦ 75 ግራም ግሉኮስ ተጠጥቶ በሚሠራው ምርመራ መስመሮቹ ሦስት ናቸው፦ በባዶ ሆድ 92፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ 180፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ 153 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር። ከሦስቱ አንዱ እንኳ መስመሩን ከነካ የእርግዝና ስኳር ይባላል። ስለዚህ ያሉዎት ትክክል ነው። የባዶ ሆዱ 126 ወይም የሁለት ሰዓቱ 200 ቢሆን ኖሮ ከእርግዝናው ጋር ብቻ የመጣ ስኳር ነው አይባልም ነበር፤ እርስዎ ከዚያ በጣም ሩቅ ነዎት።

እንቅልፍ ያጡበት ሌሊት ቁጥሩን ትንሽ ሊገፋው ይችላል። የባዶ ሆድ ስኳር በመሠረቱ ጉበት ሌሊቱን ሙሉ የሚለቀው ስኳር ነው፤ ያለ እንቅልፍ ባደሩበት ሌሊት ጉበት ይበልጥ ይለቃል። ሆኖም አንድ ሌሊት ብቻ ነው ብሎ ውጤቱን ወደ ጎን ማድረግ ስሕተት ነው። ያስጨነቀዎ እንቅልፍ ማጣት በሌሎቹም ሌሊቶች ካለ ሰውነትዎ የሚኖረው በዚሁ ቁጥር ነው። በተጨማሪም ምርመራው ባይደገምም ቀጣዩ እርምጃ ራሱ መለካት ነው፦ ለአንድ ወይም ለሁለት ሳምንት በባዶ ሆድና ከየምግቡ በኋላ ይለካል። የሚፈለገው በባዶ ሆድ ከ95 በታች፣ ምግብ ከጀመሩ ከአንድ ሰዓት በኋላ ከ140 በታች፣ ወይም ከሁለት ሰዓት በኋላ ከ120 በታች ነው። ቁጥሮቹ የሚጻፉበት ደብተር ከአንድ ቀን ምርመራ የበለጠ እውነት ይናገራል፤ በምግብ ብቻ ይበቃዎት ወይም መድኃኒት ያስፈልግዎት እንደሆነ የሚወሰነውም በእርሱ ነው። አብዛኞቹ እናቶች ያለ መድኃኒት ይቆጣጠሩታል።

ገና ለሚመረመሩ አንባቢዎች ምርመራውን የሚያበላሹትን እንጥቀስ። ከ8 እስከ 14 ሰዓት ያልበላ ሆድ ያስፈልጋል፤ ውሃ ብቻ ይፈቀዳል። ጠዋት አንዲት ስኒ ሻይ «ምንም አትል» ብሎ መጠጣት የባዶ ሆዱን ውጤት ከንቱ ያደርገዋል። ከዚያ በፊት ባሉት ሦስት ቀናት እንጀራውን፣ ሩዙን፣ ፓስታውን እንደ ወትሮው ይብሉ፤ ቁጥሩ እንዲያምር ብለው ምግብ የሚቀንሱ እናቶች ራሳቸውን ነው የሚያታልሉት፤ ከዚያም አልፎ ሰውነቱ ድንገት የመጣበትን ግሉኮስ ስለሚከብደው ቁጥሩ ሊጨምር ይችላል። ግሉኮሱ በአንድ ብርጭቆ ውሃ ተበጥብጦ በ5 ደቂቃ ውስጥ ይጠጣል። ካስመለሰዎ ይናገሩ፤ ሌላ ቀን ይደገማል። ሁለቱን ሰዓት ተቀምጠው ይጠብቁ፤ ገበያ ደርሶ መምጣት የለም። በመጨረሻም በቱቦ ውስጥ ያለ ደም ሳይለይ ሲቆይ ሴሎቹ ስኳሩን ይበሉታል፤ በሙቀት ደግሞ ይፈጥናል። ደሙ ረጅም ሰዓት ጠረጴዛ ላይ ከዋለ ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ይወጣል፤ ስኳር ያለባትን እናት «ነፃ ነሽ» ያሰኛል። ላቦራቶሪው ደሙን ወዲያው እንደሚሠራው መጠየቅ መብት ነው፤ ማፈር አያስፈልግም።

ቤት ሲለኩ ደግሞ ተቃራኒው ስሕተት ይመጣል። ማንጎ ልጠው ወይም ተምር ነክተው ጣትዎን ቢወጉ ማሽኑ የሚለካው ጣት ላይ የቀረውን የፍሬ ስኳር ጭምር ነው፤ 110 የነበረው 200 ሊሆን ይችላል። አልኮል መጥረግ አይበቃም። በሳሙናና በውሃ ታጥበው በደንብ ያድርቁ፤ የረጠበ ጣት ደሙን ያቀጥነዋል። የጣት ጫፍ መካከሉን ሳይሆን ጎኑን ይውጉ፤ ሕመሙ ይቀንሳል። ጣትን አጥብቆ መጭመቅ ከሴሎች መካከል ያለ ውሃ ስለሚያወጣ ውጤቱን ያዛባል፤ እጅዎን ወደታች አንጠልጥለው ደሙ በራሱ ይምጣ። ስትሪፖቹ ከጠርሙሳቸው አይውጡ፤ ከ30 ዲግሪ በላይ በሆነ ቦታ፣ ለምሳሌ መስኮት አጠገብ ወይም መኪና ውስጥ አይቀመጡ።

የእርስዎ ችግር የጠዋቱ ቁጥር ስለሆነ ሥራው ያለው ማታ ነው። እራት ከመኝታ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ተኩል ቀደም ብሎ ይበላ፤ ቃርንም ይቀንስልዎታል። ከወጡ ይጀምሩ፦ ጎመኑ፣ ምስሩ፣ እንቁላሉ ወይም ሥጋው ቀድሞ፣ እንጀራው ወይም ሩዙ ኋላ። እንጀራ ከአንዱ ግማሽ ያህል፣ ሩዝ ወይም ፓስታ ከሆነ የጨበጡት እጅዎን የሚያህል። ሩዝ ከበሉ ላዩ ላይ ሙዝና ዳቦ አይጨመርም። ከእራት በኋላ 15 ደቂቃ በእግር መሄድ ይጠቅማል፤ የጁገል መተላለፊያዎች ዳገት ስለሆኑ ቀስ ብለው ይሂዱ፤ ትንፋሽ ሳያጥርዎ ማውራት የሚችሉበት ፍጥነት ይበቃል። ከእራት እስከ ቁርስ ከ10 ሰዓት በላይ ከሆነ ደግሞ ከመኝታ በፊት ትንሽ ነገር ይቅመሱ፤ አንድ እፍኝ ኦቾሎኒ ወይም አንድ የተቀቀለ እንቁላል። የግመል ወተት የሚወዱ ቢሆን አፍልተው አንድ ስኒ፤ ጥሬ ወተት ለእርጉዝ በሽታ ያመጣል።

ለስላሳ መጠጥ፣ የጁስ ቤት ጭማቂ፣ ሐልዋና ሙሸበክ እስኪወልዱ ይቅሩ። 300 ሚሊ ሊትር የሚይዝ አንድ ለስላሳ ከ30 ግራም በላይ ስኳር አለበት፤ ሰባት ስምንት የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። ማንጎውን ግን ግማሹን ይብሉ፤ መጭመቅ ብቻ ይቅር። ምግብን ጨርሶ መተው መፍትሔ አይደለም። ሰውነት ስብ ማቃጠል ሲጀምር የሚወጣው ኬቶን ለፅንሱ አይመከርም፤ ርኃብ ደግሞ ራሱ እንቅልፍ ይነሳል።

ከወለዱ በኋላ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ምርመራው ይደገማል። የእርግዝና ስኳር የነበረባት እናት ወደፊት በሁለተኛው ዓይነት ስኳር የመያዝ ዕድሏ ከሌሎች ብዙ እጥፍ ነው። ጡት ማጥባት ለእናቲቱ ጥበቃ ነው። ሕፃኑም ከተወለደ በመጀመሪያው ሰዓት ውስጥ ይጥባ፤ የእነዚህ እናቶች ልጆች ስኳራቸው ድንገት ሊወርድ ይችላል።

ጥያቄ፦ ከሳቢያን ነው የምጽፈው። ባለቤቴ 30 ሳምንቷ ነው። ድሮ አታንኮራፋም ነበር፤ አሁን ግን ድምፁ እኔን ያስነሳኛል። አንዳንዴ ትንፋሿ ቀጥ ብሎ ከዚያ በድንገት ትተነፍሳለች። ስነግራት ታፍራለች። ዝም ብዬ ልለፈው?

መልስ፦ ወንድማችን፣ አይለፉት። በእርግዝና ጊዜ የአፍንጫ ውስጥ ሥጋ ያብጣል፣ ክብደትም ይጨምራል፤ ትንሽ ማንኮራፋት የተለመደ ነው። ትንፋሽ የሚቋረጥበት ማንኮራፋት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ኦክስጅኑ ሌሊቱን ሙሉ ሲወርድና ሲወጣ የደም ግፊትም ስኳርም ከፍ ይላል። ከእርግዝና ስኳር ጋር ያለው ዝምድና በጣም ጠንክሮ የታየው እንቅልፍ በማጠር ብቻ ሳይሆን በዚህ በትንፋሽ መቋረጥ ነው።

እርስዎ የሚጠቅሟት በማስረጃ ነው። ከተኛች ከአንድ ሰዓት በኋላ 15 ደቂቃ አጠገቧ ሆነው ያዳምጡ፤ ስልክዎ ላይ ድምፁን ይቅዱ። ትንፋሿ ሲቆም ይቁጠሩ፦ 10 ሰከንድና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ በ15 ደቂቃ ውስጥ ከሁለት ሦስት ጊዜ በላይ ከታየ፣ ቀረጻውን ይዘው አብረዋት ወደ ክትትሏ ይሂዱ። ጠዋት ራስ ምታትና የአፍ መድረቅ ካለባት፣ ቀን ቁጭ ብላ የምትተኛ ከሆነ፣ ይህንንም ይጨምሩ። ድል ጮራን የመሰለ ሪፈራል ሆስፒታል ባይደርሱ እንኳ የደም ግፊትና የስኳር መለኪያ ጤና ጣቢያ አለ። የደም ግፊቷ የላይኛው ቁጥር 140 ወይም የታችኛው 90 ከደረሰ፣ ወይም ብርቱ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ ከጎድን በታች ሕመም ከተሰማት ያኔውኑ ሆስፒታል ይውሰዷት፤ ሌሊትም ቢሆን።

እስከዚያው በጎኗ ትተኛ፣ የአልጋውን ራስጌ ከፍ ያድርጉ፤ አንገቷ ላይ ትራስ መቆለል ግን ጉሮሮን ያጣብቀዋል። ሁለቱን የራስጌ እግሮች በጡብ ከፍ ማድረግ ይሻላል። አፍንጫዋን በጨው ውሃ ታጠብ። የዕጣንና የከሰል ጭስ ከመኝታ ክፍሉ ይራቅ፤ ማታ ማታ ቤት ማጠን ለምዳችሁ ከሆነ ሳሎን ውስጥ ይሁን፣ መኝታው በር ተዘግቶ።

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ በሌሊት ፈረቃ እሠራለሁ። የ5 ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ቀን ሙቀቱ አያስተኛኝም። አለቃዬ «ፈረቃው ይቀየር ካልሽ ሥራሽን ታጪያለሽ» አለኝ።

መልስ፦ ይህን ማለት አይችልም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት በሌሊት ሥራ ወይም በትርፍ ሰዓት ሥራ አትመደብም። ለክትትል የሚሄዱበትም ጊዜ ደመወዙ ሳይቆረጥ የሐኪም ማስረጃ ቀርቦ ይፈቀዳል፤ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር ዕረፍት አለዎት። ከክትትል ቦታዎ እርጉዝ መሆንዎን የሚገልጽ ማስረጃ ያውጡ፤ ጥያቄዎን በጽሑፍ አድርገው የተቀበለበትን ቀንና ፊርማ ቅጂው ላይ ያስቀሩ። ሰው ሀብት አስተዳደር መጀመሪያ፣ የሠራተኛ ማኅበር ካለ ቀጥሎ፣ ካልሆነ የሠራተኛ ጉዳይን የሚመለከተው የከተማው ቢሮ ይሂዱ። እስኪፈታ ድረስ ቀን የሚተኙበትን መስኮት በወፍራም ጨርቅ ይጋርዱ፤ ፈረቃው ላይ ቡናውንና ጣፋጩን በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ይጨርሱ። በሌሊት ሰውነት ለስኳር ያለው አቅም ከቀኑ ያነሰ ስለሆነ ከሌሊቱ 7 ሰዓት በኋላ ከባድ ምግብ አይብሉ።

ጥያቄ፦ ሐረር ነው ያለሁት፤ 31 ሳምንት። ማታ ጋደም ስል እግሬ ውስጥ ጉንዳን የሚሄድ ይመስለኛል፤ ካላንቀሳቀስኩት ዕረፍት የለኝም። ተነሥቼ ስሄድ ይተወኛል። የደም ማነስ ኪኒን ታዞልኛል፤ ጠዋት ከሆጃ ጋር እውጠዋለሁ።

መልስ፦ መፍትሔው ደብዳቤዎ መጨረሻ ላይ አለ። ጋደም ሲሉ የሚመጣና ሲንቀሳቀሱ የሚተወው ይህ ነገር በእርግዝና ጊዜ በብዛት ከብረት ማነስ ጋር ይያያዛል። እርስዎ የሚውጡት ብረት ግን በሚገባ ደምዎ ውስጥ እየደረሰ አይደለም። ሆጃን የመሰለ ከቡና ገለባና ቅጠል የሚፈላ መጠጥ፣ ቡናውም ሻዩም፣ ብረትን አሥሮ የሚያስቀር ነገር አለው፤ ወተት የተቀላቀለበት ከሆነ ደግሞ ካልሲየሙ ይጨምርበታል። ኪኒኑን ከምግብ በፊት በውሃና በግማሽ ብርቱካን ወይም ሎሚ ይውሰዱ፤ ሆጃውን ቢያንስ አንድ ሰዓት፣ ቢቻል ሁለት ሰዓት ያርቁ። ሆድዎን ከረበሸዎ ማታ ከእራት በኋላ ሊውጡት ይችላሉ። የተለመደው መጠን በቀን ከ30 እስከ 60 ሚሊ ግራም ብረት ከ400 ማይክሮ ግራም ፎሊክ አሲድ ጋር ነው፤ ሄሞግሎቢን ከ11 በታች ከሆነ ሐኪሙ ይጨምርልዎታል። የፌሪቲን ምርመራ የሚሠራበት ቦታ ካገኙ የተከማቸውን ብረት ያሳያል።

ሌላው ካፌይን ነው። በእርግዝና መጨረሻ ላይ ካፌይን ከሰውነት ለመውጣት ከወትሮው ሁለት ሦስት እጥፍ ይቆያል፤ ከቀትር በኋላ የተጠጣች ሦስተኛ ስኒ እኩለ ሌሊት ላይ ገና አለች። በቀን ከ200 ሚሊ ግራም አይለፍ፤ ከቀኑ 6 ሰዓት በኋላም አይጠጣ። አቦሉን ይጠጡ፣ ቶናና በረካው ለሌላው ይሁን።

ድንገት ባት ሸምቀቅ ብሎ የሚያስጮኸው ሕመም ከዚህ ይለያል፤ እርሱ ሲመጣ ጉልበትን ዘርግቶ የእግር ጣቶችን ወደ ራስ መሳብ ይፈታዋል። አንዱ ባት ብቻ ካበጠ፣ ከሞቀና ካመመ ግን የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ይታዩ።

ጥያቄ፦ እንቅልፍ እንዲወስደኝ ፋርማሲ ኪኒን ልግዛ? ባለቤቴ ማታ ሲቅም አብሬው ሁለት ሦስት ቅጠል ብቀምስስ?

መልስ፦ ሁለቱም አይሆኑም። ዲያዜፓምና የመሳሰሉት ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለእርጉዝ አይሸጡም፤ ለወሊድ በተቃረበ ጊዜ የተወሰዱ ከሆነ ሕፃኑ ሲወለድ ይደክማል፣ ለመጥባትም ይቸገራል። ጫት እንቅልፍ ይነሳል፣ ምግብ ይዘጋል፣ የደም ግፊት ከፍ ያደርጋል፤ በሚቅሙ እናቶች ላይ ክብደቱ ያነሰ ልጅ መወለድ ታይቷል። አብሮት የሚጠጣው ለስላሳና ስኳር የበዛበት ሻይ ደግሞ የደም ስኳርን ከፍ ያደርጋል። ባለቤትዎ በርጫውን ከመኝታው ክፍል ያውጣ፤ ቢያንስ ጭሱና ወሬው እርስዎን አያስነሣ።

ጥያቄ፦ ቀፊራ ነው የምኖረው፤ 33 ሳምንት። ማታ ማታ ኢንሱሊን ጀምሬያለሁ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ በላብ ተጠምቄ እነቃለሁ። ሙቀቱ ይሁን መድኃኒቱ በምን ልወቅ? ፍሪጅም የለኝም።

መልስ፦ የሙቀት ላብ ትኩስ ነው፤ ሲራገቡ ይቀልልዎታል። ስኳር ሲወርድ የሚመጣው ላብ ግን ቀዝቃዛ ነው፤ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ልብ ይመታል፣ ድንገት ይርባል፣ ቅዠትም ይቀድመዋል። ግን በግምት አይኑሩ። ማሽኑ፣ ስትሪፑና የእጅ ባትሪ ራስጌ ይደሩ፤ እንደነቁ ይለኩ። ከ70 በታች ከሆነ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በግማሽ ብርጭቆ ውሃ በጥብጠው ይጠጡ፤ 15 ደቂቃ ቆይተው ይለኩ፤ ካልወጣ ይድገሙ። ከወጣ በኋላ አንድ ቁራሽ ዳቦ ይብሉ፤ ያለዚያ ከሁለት ሰዓት በኋላ ተመልሶ ይወርዳል። የሚለካ ነገር በእጅዎ ከሌለ እንደወረደ ቆጥረው ስኳሩን ይጠጡ፤ አንድ ጊዜ የተጠጣ ስኳር ከወረደ ስኳር ጋር ሲነጻጸር ጉዳቱ ኢምንት ነው። ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቁጥሩን ይጻፉ፤ ቀጣዩን መርፌ ከመውጋትዎ በፊት ለሐኪምዎ ይደውሉ፤ መጠኑ መቀነስ ሊኖርበት ይችላል። በቤት ያለው ሰው ደግሞ ይህን ይወቅ፦ ራስዋን ለሳተች እናት በአፍ ምንም አይሰጥም፤ በጎንዋ አስተኝቶ ወደ ሆስፒታል ነው።

ኢንሱሊኑን በተመለከተ፣ ያልተከፈተው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ ስላለበት ጤና ተቋሙ ወይም ፍሪጅ ያለው ጎረቤት ቤት ይቆይ፤ የማቀዝቀዣው በረዶ ክፍል ውስጥ ግን አይግባ። የተከፈተው ከ30 ዲግሪ በታች ከተቀመጠ አብዛኛው ዓይነት 28 ቀን ያገለግላል። በድሬ ግንቦትና ሰኔ ያለ ዘዴ ይህ አይገኝም። አንድ ትልቅና አንድ ትንሽ የሸክላ ማሰሮ ያዘጋጁ፤ ትንሹን ትልቁ ውስጥ አስገብተው መካከሉን በአሸዋ ይሙሉ፤ አሸዋውን በውሃ ያርጥቡት። ጠርሙሱን ውሃ በማያስገባ ላስቲክ ጠቅልለው ትንሹ ውስጥ ያድርጉ፤ አፉን በእርጥብ ጨርቅ ይሸፍኑ። ማሰሮው ጥላ ያለበት፣ ነፋስ የሚያልፍበት ቦታ ይሁን፤ ውሃው እየተነነ ሲሄድ ውስጡን ያቀዘቅዘዋል። ማታ የሚወጉት ደመናማው ዓይነት ከሆነ ከመቅዳትዎ በፊት በመዳፍዎ መካከል ቀስ አድርገው ያንከባልሉት፤ ከዚያ በኋላም ጠርሙሱ ላይ የተጣበቀ ነጭ ፍርፋሪ ካዩ ሙቀት አበላሽቶታልና አይውጉት። አሸዋው ጠዋትና ማታ ይርጠብ፤ ድሬ ሲጠና ቀትር ላይ አንድ ጊዜ ይጨመርበት።